ለምለም ገና ናት

የጋሽ ፈንታሁንን ማረፍ የነገረችኝ በርበሬ ነጋዴዋ እትዬ ዘነቡ ናት። የራስ ምታት ክኒን ልትገዛ ወደ መድኃኒት ቤቱ መጥታ፣ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ ባንኮኒው ፊት ቆመች። ክኒኑን ጠቅልዬ ብዘረጋላት አልተቀበለችኝም።

«ያ ‹ተሻገሩ› የሚለው ሰውዬሽ ዛሬ ጠዋት አረፈ አሉ» አለችኝ።

እትዬ ዘነቡ ጋሽ ፈንታሁንን በስማቸው ጠርታቸው አታውቅም። በእሳቸው ሰበብ አንድ ቁና በርበሬ አፈር ስለበላባት ሁልጊዜ «ያ ሰውዬ» ነበር የምትላቸው። አሁን ግን እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። እኔ አላለቀስኩም። መድኃኒት ቤቱን ዘግቼ ወጣሁ፤ እስከ አስፋልቱ ሄጄ ተመለስኩ፤ ከፈትኩ፤ እንደገና ዘጋሁ። መቀመጥ አቃተኝ። ከሐዘኑ እኩል አንድ ጥያቄ ልቤን እየጎነተለ አላስቆም አለኝ፤ አራተኛው ክፍል አሁን ማን ጋ ነው? አምባው ላይ የተከበበችው እመቤት በሩን ትከፍታለች ወይስ አትከፍትም?

ሰው ሞቶ ስለ መጽሐፍ ማሰብ ነውር ይመስላል። ጋሽ ፈንታሁንን የሚያውቅ ግን አይፈርድብኝም።

እሳቸው የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበሩ። ገበሬው «ዶክተር» ይላቸዋል፤ እሳቸውም «ዶክተር ያለኝ በሬ ነው፣ በሬ ደግሞ አይዋሽም» ብለው ይስቃሉ። ከሰቆጣ በሞተር ተነስተው ጽጽቃ ይደርሳሉ፣ አበርገሌ ቆላ ይወርዳሉ፣ ሞተሩ እንቢ ያለበትን የሰሃላን መንገድ ደግሞ በእግር ይጨርሱታል። ከሞተራቸው ኋላ ሰማያዊ የክትባት ሣጥን ትታሰራለች። ውስጧ በረዶና ብልቃጥ አለ፤ ከብልቃጦቹ ጎን በላስቲክ የተጠቀለለ መጽሐፍም አይጠፋም። መጽሐፉ ምንጊዜም የታሪክ ልብ ወለድ ነው። ሌላ ዓይነት ከሰጧቸው አገላብጠው ያዩና «ይሄ ውስጥ ፈረስ የለም» ብለው ይመልሱታል።

እኔ ያኔ ለሥራ ከወልድያ ወደ ሰቆጣ ከመጣሁ ገና ጥቂት ጊዜዬ ነበር። ሰው አላውቅም፤ ከተማው ጠቦኝ ነበር። አንድ ቀን ከባንኮኒው ሥር ደብቄ ሳነብ አዮዲን ሊገዙ ገቡ። እንደምን ዋልሽ አላሉኝም። አንገታቸውን አስግገው ሽፋኑን አዩትና፣

«የት ደርሰሻል?» አሉኝ።

«ምኑን?»

«መጽሐፉን ነዋ! ዘመቻው ተጀመረ?»

«ተጀምሮማ አልቋል። ንጉሡም ቆስለው...»

«በቃ! በቃ! እኔ ገና ነኝ!» ጆሯቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ወጡ። አዮዲኑንም ረሱት። ትንሽ ቆይተው ተመልሰው በበሩ አንገታቸውን ብቻ አስገቡና «ሐሙስ እደርስብሻለሁ» ብለውኝ ሄዱ። ሐሙስ ደረሱብኝ፤ አልፈውኝም ነበር። ከዚያ ወዲህ ሰላምታችን «የት ደርሰሻል?» ሆኖ ቀረ።

ጋሽ ፈንታሁን ተቀምጠው ማንበብ አይችሉም። ቆመው ይጀምራሉ፤ ነገሩ ሲጠብቅ መራመድ ይጀምራሉ፤ ጦር ለጦር ሲተያይ ደግሞ ቤቱ አይበቃቸውም፣ ይወጣሉ። መጽሐፉን ይዘው ሰቆጣን ይዞሯታል። ያነበቡትን ለመንገር የሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ፤ ካጡ ለማያውቀውም ይነግራሉ። ጉጉቱ ሲበዛባቸው ከአማርኛው ወጥተው ወደ አገሬው ቋንቋ፣ ወደ ኽምጣና ይገባሉ። እኔ ኽምጣና አልሰማም፤ ግን ወደዚያ ከገቡ ውጊያው መጀመሩን አውቃለሁ።

«አልቆ አፈር የሆነ ነገር ነው እኮ ብርቱ» ይሉኝ ነበር። ስሜ ብርቱካን ነው፤ እሳቸው ግማሹ ይበቃቸዋል። «ሰዎቹ ሞተዋል፣ ፈረሶቹም ሞተዋል። ታዲያ የኔ ልብ ምን ቤት ነኝ ብላ ነው የምትመታው?»

የኔም ትመታ ስለነበር ጥያቄውን እወደው ነበር።

ከሁሉ የሚያስቸግራቸው የእንስሳቱ ጉዳይ ነው። ደራሲው ፈረሰኛውን ከደጋ ቆላ፣ ከቆላ ደጋ ሲያስጋልበው መጽሐፉን ባንኮኒው ላይ ይጥሉታል። «ውኃ! ይሄ ፈረስ ከተነሳ ውኃ አልቀመሰም! ሰውየው ወደ ሚስቱ እየሄደ ነው እሺ፣ ፈረሱ ምን በደለ?» ይላሉ። አንዴ እንዲህ ሲያማርሩ መጽሐፉን ተቀብዬ ጥቂት ገጽ ወደ ኋላ ገለጥኩና ፈረሱ ወንዝ ዳር ቆሞ ሲጠጣ አሳየኋቸው። በጥድፊያቸው ዘለውት አልፈዋል። ያፍራሉ ብዬ ስጠብቅ «ተመስገን!» ብለው በረጅሙ ተነፈሱ፤ ለፈረሱ ነው።

ለመድኃኒት ቤቱ አንድ ደንበኛ፣ ለእኔ አንድ ወዳጅ ተገኘ ብዬ ነበር። ሰውየው ግን ሌሎችም ነበሯቸው። ጽጽቃ ፍርድ ቤት በጸሐፊነት የሚሠራ ደሳለኝ የሚባል ወጣት አለ፤ መስመር እንዳያመልጠው ማስመሪያ ከሥሩ አስቀምጦ የሚያነብ ሰው ነው። ሰሃላ ደግሞ ለምለም የምትባል መምህርት አለች። ደሳለኝን አልፎ አልፎ በገበያ ቀን ሰቆጣ ሲመጣ አገኘዋለሁ። ለምለምን ግን አይቻት አላውቅም። እሷ የምትመጣልኝ በጋሽ ፈንታሁን አፍ ነው፤ «ለምለም እንዲህ ብላለች» እያሉ። እኔም ወደ እሷ የምሄደው በዚያው መንገድ ነው።

አንድ ጊዜ ከደሴ አንድ ዳጎስ ያለ አዲስ መጽሐፍ አስመጡ። ታሪኩ በድሮ ዘመን በጠላት ጦር ስለተከበበች የአንድ አምባ እመቤት ነው። ቅጂው አንድ ብቻ፣ እኛ አራት። ጋሽ ፈንታሁን መድኃኒት ቤቱ ገብተው ሁለት ዓይነት ነገር ጠየቁኝ፤ የቀዶ ጥገና ምላጭና አልኮል።

«የማን በሬ ነው?» አልኳቸው።

«በሬ አይደለም» አሉና አዲሱን መጽሐፍ ባንኮኒው ላይ በጀርባው አስተኙት። አልኮሉ ለምን እንዳስፈለገ እስከ ዛሬ አልገባኝም፤ ብቻ ምላጩን ጠራርገው፣ ጀርባውን ከላይ እስከ ታች ሰነጠቁት። እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ። ከአራት ከፍለው እያንዳንዱን ክፍል በቁስል መስፊያ ክር ሰፉት፤ ስፌታቸው የሚያምር ነበር። አራተኛውን ክፍል ግን በአቡጀዴ ጠቅልለው ዙሪያውን ዘጉት።

«ሕግ አለው» አሉኝ። «ሦስቱ ክፍሎች በሰቆጣ፣ በጽጽቃና በሰሃላ ተራ በተራ ይዞራሉ። አራተኛውን ግን ሦስተኛውን ሁላችንም ሳንጨርስ ማንም አይፈታውም። እኔም አልፈታውም። መጨረሻውን አብረን ነው የምንሰማው።»

«እርስዎ? ይችላሉ?»

«እንጃ!» አሉና ሳቁ። ሁለት ደቂቃ በአንድ ቦታ የማይቆሙ ሰው ስለ መታገስ ሲያወሩ እኔም ሳቅኩ።

የእትዬ ዘነቡ በርበሬ የፈሰሰው በሁለተኛው ክፍል ነው። በዚያ ክፍል ማብቂያ ላይ አምባውን ሊከብብ የመጣው ጦር በንጋት ተከዜን ይሻገራል። ጋሽ ፈንታሁን ያችን ቦታ ቤታቸው ቆመው አነበቧትና፣ እንደ ልማዳቸው ቤቱ ጠበባቸው። ቀኑ ገበያ ነበር። ገበያው መሀል ሲደርሱ ደሳለኝን ከማዶ አዩት። ደሳለኝ ያን ክፍል ቀድሞ ጨርሷል፤ የሚያውቅ ሰው ተገኘ ማለት ነው። እኔ መድኃኒት ቤቱ በር ላይ ቆሜ ነበር፤ ድምፃቸው እኔ ድረስ ደረሰ።

«ደሳለኝ! ተሻገሩ እኮ! ተከዜን ተሻገሩ! ሲመሽ አምባው ሥር ናቸው!»

እዚህ አገር እንዲህ ያለ ቃል ገበያ መሀል አይጣልም። የዚህ አገር ሰው «ተሻገሩ» ሲሰማ እነማን ብሎ አይጠይቅም፤ መጀመሪያ ልጁን፣ ቀጥሎ እህሉን ያነሳል። ጥያቄው ተራራ ከወጣ በኋላ ይደርሳል። ፍየል ሊሸጥ የመጣው ፍየሉን ትከሻው ላይ አድርጎ ሮጠ፤ ማር ሻጮቹ ቅላቸውን አቅፈው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ወጡ፤ አህያው ጭነቱ ሳይታሰር ተነዳ። በዚያ ግርግር ነው የእትዬ ዘነቡ ቁና የተገለበጠው። ጋሽ ፈንታሁን መሀል ቆመው «መጽሐፍ ነው! ወገኖቼ መጽሐፍ ነው!» ይላሉ፤ ማን ሊሰማቸው!

ፖሊስ ወሰዳቸው። እኔና ደሳለኝ ለምስክርነት ተከተልን።

«ማነው የተሻገረው?» አላቸው መርማሪው።

«ጦሩ።»

«የማን ጦር?»

«የድሮ ነው፣ ልጄ። ቅድመ አያቶቻችን ሳይወለዱ።»

«ታዲያ ሲመሽ እዚህ ናቸው አላሉም?»

«አምባው ሥር ነው ያልኩት፤ አምባው ደግሞ መጽሐፉ ውስጥ ነው። አሁን ቢሆንማ ምን ያስጮኸኛል? እንደ ሰዉ እሮጥ ነበር እንጂ።»

መርማሪው ሁለተኛውን ክፍል ተቀብሎ አገላበጠና፣ ገበያ ውስጥ ድምፃቸውን እንዳያሰሙ አስጠንቅቆ ለቀቃቸው። ስንወጣ የሳቅነው እኛ ነን፤ እሳቸው አልሳቁም። ቀጥ ብለው ገበያው ሄደው ተንበርክከው፣ እያነጠሱ በርበሬውን ከአፈር ላይ ይለቅሙ ጀመር። እትዬ ዘነቡ በነጠላዋ ጫፍ እየመታች አባረረቻቸው።

«ይሄ ሕዝብ ስንት ጊዜ እንደሮጠ እያወቅኩ» አሉኝ በኋላ። ፊታቸው ጠቁሮ ነበር። «በልብ ወለድ አስሮጥኩት።»

ከዚያ በኋላ ማንሾካሾክ ጀመሩ፤ ያም የባሰ ሆነ። ስለ ጦርና ስለ ከበባ በጆሮ የሚያወራ ሰው ከሚጮኸው ይልቅ ያስፈራል። ከተማው «ጋሽ ተሻገሩ» አላቸው። ስሙ እስኪሞቱ አልለቀቃቸውም።

ሦስተኛው ክፍል ከደሳለኝ ቀጥሎ ለእኔ ሲደርሰኝ ሥራ ፈታሁ። አምባው ላይ እህሉ እያለቀ ነው። ከብቶቹ በረት ውስጥ በውኃ ጥም ያገሳሉ። የእመቤቲቱ ጭፍሮች ከሞት በፊት እጅ አንሰጥም ይላሉ፤ ከታች ያለው የጠላት አለቃ በሩ ከተከፈተ ሕዝቡን አልነካም ብሎ ይልካል። ይታመናል? አይታመንም? እመቤቲቱ የበሩን ቁልፍ አምጡልኝ ትላለች፤ ክፍሉ እዚያ ላይ ያልቃል። ጋሽ ፈንታሁን የምላጩን ቦታ ያጠኑት ይመስለኛል።

እኔ አትከፍትም አልኩ። እንዲህ ያለች ሴት እጅ አትሰጥም። ጋሽ ፈንታሁን ሐሳባቸውን ስጠይቃቸው «እኔ ተሸካሚ ነኝ፣ ሐሳብ የለኝም» አሉኝ። ከሰሃላ ሲመለሱ ግን የለምለምን ይዘውልኝ መጡ።

«ለምለም ገና የጠላት አለቃው መልእክት ላይ ናት፤ ግን ትከፍታለች ብላለች። ‹ብርቱ በልታ ስለምታድር የሚታያት በሩ ነው፤ እኔ የሚታየኝ ጎተራው ነው› ብላሻለች።»

ተናደድኩ። «አንዴ የተከፈተ በር ተመልሶ አይዘጋም በሏት!» አልኩ።

በሌላ ጉዞ መልሱ መጣ። «‹ሰዉ ካለቀ በኋላ በሩ ማንን ይጠብቃል?› ብላለች።»

ከዚያች ሴት ጋር እንዲህ ስከራከር ከዓመት አለፈ። ማታ ስተኛ መልስ አዘጋጅላታለሁ። በምን አፏ እንደዚያ እንደምትናገር፣ ምን እንደምትመስል አስባለሁ፤ ረጅምና ቀጭን፣ ሰው ሲናገር ቅንድቧን የምታነሳ አድርጌ ሥያታለሁ። በሰቆጣ ኑሮዬ ከማንም ይበልጥ ያወራሁት ካላየኋት ከለምለም ጋር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ሆኖም አቃጠለችኝ። ሦስተኛው ክፍል እሷ ጋ ገብቶ አልወጣም።

«ጨረሰች?» እላለሁ።

«ለምለም ገና ናት» ይላሉ።

«ፊደል እየቆጠረች ነው እንዴ የምታነበው?»

«ፈተና እያረመች ነው።» ሌላ ጊዜ ወንዙ ሞልቶ ነው። ሌላ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ነው፤ መንገዱ የሚዘጋበት፣ ስልኩም የሚጠፋበት፣ ደሳለኝም ገበያ የማይመጣበት ጊዜ ስለነበር አምናለሁ። «እንክፈተው በቃ፣ እሷ ትድረስበት!» ስላቸው ፊታቸው ይለወጣል። «ሕግ ሕግ ነው ብርቱ» ይሉኛል። ይህን የሚሉኝ ግን ከባንኮኒው እስከ በሩ እየተመላለሱ ነው። እሳቸውንም ጥያቄው እያንገበገባቸው እንደነበር አሁን አውቃለሁ።

አበርገሌ ክትባት ላይ ሳሉ ታመው መጡ። ቤታቸው ሄጄ ጠየቅኳቸው። ሊነሱ ሞከሩ፤ ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምነሽ ትከሻቸውን ይዘው መለሷቸው። ተኝተው ሳያቸው የመጀመሪያዬ ነበር፤ አልጋው ላይ እግራቸው ብቻ ይንቀሳቀሳል፣ የሚራመዱ ይመስላሉ።

«የት ደርሰሻል?» አሉኝ።

«እዚያው ነኝ። ቁልፉን አምጡልኝ ባለችበት። እርስዎስ?»

«እዚያው። ለምለም ገና ናት።»

ተቆጣሁ። በሽተኛ ፊት መቆጣት አይገባም ግን ተቆጣሁ። «ለምለም ለምለም! እርስዎ እንዲህ ሆነው አሁንም ለምለምን ነው የምንጠብቀው?» አልኩ። አዩኝና ፈገግ አሉ። ከእሳቸው ጋር ያወራሁት የመጨረሻው ነገር ይሄ ሆነ።

አርባቸው ሲወጣ ደሳለኝ ከጽጽቃ መጣ። ድንኳኑ ውስጥ የኮረፌ ጠላችንን ይዘን አጠገብ ላጠገብ ተቀመጥን። ለቅሶው በረድ ሲል ደሳለኝ ጎኔን ነካ አድርጎ፣

«አሁንስ ጨረስሽ ወይ?» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሦስተኛውን ክፍል። ጋሼ ሁልጊዜ ‹ብርቱ ገና ናት› ነበር የሚሉኝ። ፋርማሲስት ሆነሽ ይህን ያህል...»

ኮረፌው ትን አለኝ። ተነስቼ ቀጥታ ወደ ወይዘሮ ዓለምነሽ ሄድኩ። እሳቸው ግን እኛን ሲጠብቁ ነበር። ጓዳ አስገብተው ሰማያዊዋን የክትባት ሣጥን ከአልጋ ሥር ሳቡ። ከባዶ ብልቃጦች መሀል አራተኛው ክፍል በአቡጀዴው እንደተጠቀለለ ወጣ። አቡጀዴው ከመንገድ ብዛት ወይቧል፤ ስፌቱ ግን አልተነካም። አንዲት ክር አልተቆረጠችም።

«ለምለም እኮ አገር ቤት የለችም» አሉን ወይዘሮ ዓለምነሽ። «ሳዑዲ ከሄደች ቆየች። ስትሄድ በዚህ ነው ያለፈች፤ እዚህ አድራ። ስታለቅስ አመሸች፣ ልጅቱ ፈርታ ነበር። ‹እኔ ሳልመጣ እንዳትከፍቱት፣ ጋሼ፣ ማሉልኝ› አለችው። ማለላት። ሦስተኛውንም ይዛው ሄደች።»

«ታዲያ ለምን አልነገሩንም?» አለ ደሳለኝ።

«‹ከነገርኳቸው ሄዳለች፣ እንክፈተው ይሉኛል፤ በተለይ ብርቱ አትታገስም› ይል ነበር። ‹የምትመለስበት ነገር ይኑራት› ነው የሚል። እኔማ ክፈተውና ዝም በል አልኩት። ታሞ እንኳ አልኩት። ማተብ አለኝ አለኝ።»

ጓዳው ውስጥ ቆሜ አለቀስኩ። የሞቱ ዕለት ያልመጣው እንባ ሁሉ ያኔ መጣ። ያ ሰው እንዴት ቻለው? ሐሙስ እደርስብሻለሁ ብሎ አልፎኝ የሚገኝ ሰው፣ አንድ ክር በጥሶ የሚያየውን ነገር በየተራራው ተሸክሞት ዞሮ ሳያየው ሞተ። ትከፍታለችን አትከፍትምን ሳያውቅ ሞተ።

የለምለምን ስልክ ከወይዘሮ ዓለምነሽ ተቀበልን። የመለሰችው ዐርብ ከሰዓት ነው፤ አሠሪዎቿ ሲወጡ። ድምጿ እንደሣልኳት አልነበረም፤ ዝግ ያለ፣ የልጅ ድምፅ ነው። ማን እንደሆንኩ ስነግራት «ውይ ብርቱ! በሩን አትከፍትም የምትይዋ!» አለችኝ።

«አንቺ ደግሞ ትከፍታለች የምትይዋ» አልኳት።

«እኔ?»

«ጎተራው ነው የሚታየኝ ብለሽ የለ?»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም። እኔ እኮ አትከፍትም ነው ያልኩት። እንዳንቺው። ለጋሼ ስነግራቸው ‹አይ፣ ሁለት ሰው ተስማምቶ ምን ያወራል!› ብለው ተናደዱብኝ።»

ዓመት ሙሉ ስከራከር የኖርኩት ከማን ጋር እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። «እኔ ተሸካሚ ነኝ፣ ሐሳብ የለኝም» ያሉኝ ሰው ሐሳባቸውን በልጅቱ ስም ሲያመጡልኝ ኖረዋል። መንገዱ በተዘጋ ጊዜ ከሰቆጣ ሳይወጡ ባዶ ጎተራ ያዩት እሳቸው ነበሩ። በር ተከፍቶ ሰው እንዲተርፍ የሚፈልጉት እሳቸው ነበሩ።

«መቼ ትመጫለሽ?» አልኳት በመጨረሻ።

«እንጃ» አለች። «ክፈቱት» አለች ደግሞ። «እሳቸው ከሌሉ መሐላው ለማን ነው? ግን ያለ እኔ እንዳታነቡት።»

ዐርብ ዐርብ ማንበብ ጀመርን። ክሩን ደሳለኝ በምላጭ ቆረጠው። እሱ ስልኩን ይይዛል፣ እኔ አነባለሁ፤ ለምለም ልብስ እየተኮሰች ታዳምጣለች፣ የካውያው ትንፋሽ እዚህ ድረስ ይሰማል። ኔትዎርኩ በመሀል ይቆረጣል። ሲመለስ «የት ደርሰናል?» ትለናለች፤ በዚያች ቃል ሁላችንም የጋሽ ፈንታሁንን ሰማያዊ ሣጥን የምናስብ ይመስለኛል። እኔ ተቀምጬ ማንበብ ሞክሬ አልቻልኩም። ከባንኮኒው እስከ በሩ እየተመላለስኩ ነው የማነበው። ደሳለኝ ስልኩን ይዞ ይከተለኛል።

የመጨረሻው ምዕራፍ ላይ ስንደርስ ለምለም አስቆመችኝ። «ቆይ። ጋሼ ራሳቸው ምን ነበር የሚሉት?»

«ትከፍታለች። ባንቺ ስም።»

«አንብቢው» አለች፤ እያለቀሰች ነበር።

አነበብኩት። እመቤቲቱ ቁልፉን ተቀብላ ብዙ ታስባለች፤ ጭፍሮቿ ይለምኗታል፤ እሷ ግን በረት ሄዳ ከብቶቹን ታያለች። ከዚያ ራሷ ወርዳ በሩን ትከፍታለች።

«ከፈተች?» አለች ለምለም።

«ከፈተች።»

«ሰዉስ?»

«ወጣ። ከብቶቹም ወጡ። ወንዝ ወርደው ጠጡ ይላል።»

ጋሽ ፈንታሁን ረቱን። ቢሰሙት «ተመስገን!» ብለው በረጅሙ ይተነፍሱ ነበር፤ ለከብቶቹ ነው።

ስልኩ ተቆረጠ። ደሳለኝ ሊደውል ሲሞክር እኔ ቤቱ ጠበበኝ። ጋዋኔን እንኳ ሳላወልቅ ወጣሁ። ሰው ፈለግኩ፤ የሚያውቅ ሰው። የለም። ገበያው እየተበተነ ነበር፤ እትዬ ዘነቡ በርበሬዋን ስትሰበስብ ደረስኩባት።

«ከፈተችው እኮ!» አልኳት፤ ጮኼ ኖሯል። «በሩን ከፈተችው!»

እትዬ ዘነቡ ቁናዋን በሁለት እጇ አቀፈች። ወደ መንገዱ አየች፤ መንገዱ ሰላም ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፤ የያዝኩትን የወየበ አቡጀዴም አየችው።

«አንቺንም ጀመረሽ?» አለችኝ። ቁናዋን ቀስ ብላ መሬት አስቀመጠችና ከአጠገቧ ያለችውን ዱካ ገፋችልኝ። «ማናት? በይ ቁጭ ብለሽ ከመጀመሪያው ንገሪኝ።»

ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ቆሜ ነገርኳት።